ክብሪቱ ሲበተን፦ ለዳንቴል ሠሪ የስልክ አፕ እንዴት ይሠራል?

አክስቴ ዳንቴል ስትሠራ ረድፍ የምትቆጥረው በክብሪት እንጨት ነበር። አንድ ረድፍ ስትጨርስ አንድ እንጨት ከግራው ሲኒ አንስታ ቀኙ ውስጥ ትጥላለች። መብራት ቢሄድ፣ ስልክ ቢደወል፣ እንግዳ ቢመጣ ሲኒው አይረሳም። ጠላቱ አንድ ብቻ ነው፤ የሦስት ዓመት ልጅ። አንድ ቅዳሜ የልጅ ልጇ ሁለቱንም ሲኒ ምንጣፉ ላይ ገለበጣቸው። የምትሠራው ጣዎስ ገና አንገቱ ላይ ነበር። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ፣ የተሠራውን በጣቷ እየነካች ግማሽ ሰዓት ቆጠረች። ሁለቴ ቆጥራ ሁለት የተለያየ ቁጥር አገኘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ኮምፒውተር ተምሬአለሁ ትላለህ። ለዚህ አንድ መላ ታጣለህ?»

ቀላል መሰለኝ። ሲነኩት ቁጥር የሚጨምር አንድ ቁልፍ፣ አለቀ። አላለቀም። ወራት ፈጀ። ለእጅ ሥራ ወዳጆች የሚሆን አፕ ውስጡ ምን እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስለ ፕሮግራም ምንም የማያውቅ ሰው እንዲገባው አድርጌ ልንገራችሁ።

ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በምንድን ነው የሠራኸው?» ብሎ ነው። እውነት ለመናገር ይሄ ትንሹ ጥያቄ ነው። ለአንድሮይድ ብቻ ከሆነ ኮትሊን የሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አለ። ለአይፎን ብቻ ከሆነ ስዊፍት አለ። አንዴ ጽፌ ለሁለቱም ይሁንልኝ የሚል ደግሞ የጉግልን ፍላተር ወይም ከፌስቡክ ቤት የወጣውን ሪአክት ኔቲቭ የሚባል መሣሪያ ይይዛል። እኔ ፍላተርን ያዝኩ። አክስቴ ያላት ቴክኖ ነው፤ ዲሲ ያለችው ልጇ ደግሞ አይፎን ነው የያዘችው። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ከባዱ ሌላ ቦታ ነው።

ሙሉና ባዶ

ሶፋና ቴሌቪዥን ላይ የሚለብሰውን ዳንቴል ልብ ብላችሁ እዩት። ወፉም አበባውም ከትንንሽ ካሬዎች የተገጣጠመ ነው። ካሬው ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ባዶ። ሙሉው ሦስት ቋሚ ስፌት ጎን ለጎን ነው። ባዶው ሁለት ሰንሰለትና አንድ ቋሚ ነው። ሌላ ነገር የለበትም። ሞዴሉ፣ ማለትም የሚሠራበት ንድፍ፣ በካሬ ደብተር ላይ እየጠቆረ የሚገለበጠውም ለዚህ ነው።

ኮምፒውተርም ቢሆን ከሥሩ የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ እና ዜሮ። ስለዚህ ሙሉውን አንድ፣ ባዶውን ዜሮ ብለን ብንጽፍ የአክስቴ ጣዎስ ተሠርቶ ያለቀ የኮምፒውተር ፋይል ነው። የእሷ ሞዴል ወርዱ 120 ካሬ ነው፤ ረድፉ 90። በጠቅላላው 10,800 ካሬ። አንዱ ካሬ አንድ ቢት፣ ማለትም የአንድ ወይም የዜሮ ቦታ፣ ስለሚወስድ፣ ስምንት ቢት ደግሞ አንድ ባይት ስለሆነ፣ ጣዎሱ ከነጭራው 1,350 ባይት ነው። ከአንድ ረዘም ያለ የቴሌግራም መልእክት ብዙም አይበልጥም። ይህንኑ ሞዴል በስልክ ካሜራ ፎቶ ብታነሱት ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሜጋባይት ይሄዳል፤ ያውም ጥግ ጥጉ ደብዝዞ፣ የአውራ ጣት ጥላ አርፎበት።

ይህ የቁጠባ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ፎቶ ለስልኩ ሥዕል ነው። ጣዎሱ የት ቦታ ስንት ሙሉ ካሬ እንዳለው አያውቅም። በካሬ የተጻፈውን ግን ይቆጥረዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ያሰላዋል። ለምሳሌ መነሻው ስንት ሰንሰለት ነው ብትሉት ወዲያው ይመልሳል። አንዱ ካሬ ሦስት ይወስዳል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ይጨመራል፤ 120 ሲባዛ በ3፣ ሲደመር 1፣ 361 ሰንሰለት። ከዚያ ለመዞሪያ የሚጨመሩ ጥቂቶች አሉ። 361 ሰንሰለት ሠርቶ ሁለት ጎድሎ ያገኘ ሰው ይሄ ስሌት ምን ያህል እንደሚያሳርፍ ያውቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አስገረመኝ። አክስቴ ረድፍ ስታነብ «አምስት ባዶ፣ ሦስት ሙሉ፣ አሥራ ሁለት ባዶ» ትላለች። ካሬ በካሬ አትዘረዝርም። ፕሮግራመሮችም መረጃ ለማሳጠር ይህንኑ ያደርጋሉ፤ ተመሳሳዩን ሃያ ጊዜ ከመጻፍ ስንት እንደሆነና ምን እንደሆነ ብቻ ይጽፋሉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትን እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠራዋለች። ስለዚህ አፑ ረድፉን የሚያሳየው እሷ በምትጠራው መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተት ሠራሁ። ዳንቴል አንድ ረድፍ ሲያልቅ ይገለበጣል፣ ከዚያ በጀርባው በኩል ይመለሳል። ሞዴሉ ላይ አንደኛው ረድፍ ከቀኝ ወደ ግራ ቢነበብ ሁለተኛው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። እኔ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ አስነበብኩ። ለሙከራ የሠራችው ጽጌረዳ ነበር፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምንም አልታየም። ጣዎሱ ሲመጣ ጉዱ ወጣ። አንዱ ረድፍ ምንቃሩን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩ ወደ ግራ ወሰደው። «ይሄ ወፍ ነው ወይስ ማበጠሪያ?» አለችኝ። አሁን አፑ ጎዶሎ ቁጥር ያለውን ረድፍና ተጋማሽ ቁጥር ያለውን ረድፍ ለይቶ ያነባል። በግራ እጇ የምትሠራ ጎረቤት ስላለች ደግሞ ሁሉንም የሚገለብጥ አንድ ማብሪያ ጨመርኩ። ግራ እጅ የሚል ነገር መጀመሪያ ትዝ እንኳን አላለኝም ነበር።

እጅ ሲያዝ

የፌስቡክና የቲክቶክ ተጠቃሚ ዓይኑም አውራ ጣቱም ስልኩ ላይ ነው። ዳንቴል ሠሪ ግን በአንድ እጇ ኪሮሽ፣ በሌላው ክር ይዛለች። ዓይኗ ስፌቱ ላይ ነው። ስልኩ ጭኗ ላይ ወይም ረከቦቱ አጠገብ ተጋድሟል። በሃያ ደቂቃ አንዴ ለአንድ ሰከንድ ትነካዋለች። የዚህ አፕ ሥራ ከዚህ ነው የሚነሳው።

አንደኛ፣ ቁልፉ ትልቅ መሆን አለበት። የእኔ የመጀመሪያው ቁልፍ የቆንጆ አፕ ቁልፍ ነበር፤ ትንሽ፣ ክብ፣ ጥግ ላይ። አሁን የስክሪኑ ግማሽ ራሱ ቁልፍ ነው። በክርንም ቢነካ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ ማድረግ። ስልክ ካልተነካ ራሱን ያጠፋል። አፑ «እኔ ክፍት እስካለሁ አትተኛ» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ አንድ መስመር ኮድ ነው። ዋጋው ባትሪ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ ባትሪ ማለት ስልኩ ነው። የስክሪኑን ጀርባ ጥቁር አድርገው ይላሉ። ያ የሚሠራው ኦሌድ በሚባለው ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያ ጥቁር ነጥብ ማለት የጠፋ ነጥብ ስለሆነ ይቆጥባል። ርካሽ ስልኮች ላይ በብዛት ያለው ኤልሲዲ ግን ከኋላው ሁሌም መብራት አለ። ጥቁር ሆነ ነጭ ያው ነው። ስለዚህ ብርሃኑን ዝቅ ማድረግን መረጥኩ።

ሦስተኛው በድምፅ መቆጣጠሪያው ቁልፍ መቁጠር ነው። ስልኩን ሳያዩ በጣት ዳበስ ማድረግ ይቻላል፤ አክስቴ በጣም ወደደችው። አንድሮይድ ላይ ይቻላል። አፕል ግን የድምፅ ቁልፍን ለሌላ ሥራ የሚያውል አፕ በደንቡ አይቀበልም። የዲሲዋ ልጅ አልደረሳትም። በአማርኛ ንግግር ማዘዝንም አሰብኩ፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። ግን ዳንቴል የሚሠራው ቡና ላይ ነው። ከአምስት ሴቶች ጨዋታ መሀል «ጨረስኩ» የሚለውን ነጥሎ ያውጣ ማለት ግፍ ነው።

ከሁሉም በላይ ያስጨነቀኝ ግን መርሳት ነው። አንድ ቀን 47ኛው ረድፍ ላይ ስልክ ተደወለላት። አውርታ ስትመለስ አፑ ዜሮ ይላል። ልጅ እንኳን እንዲህ አልበደላትም።

የሆነው ይሄ ነው። እኔ ቁጥሩን «አፑ ሲዘጋ» እንዲያስቀምጥ ነበር ያዘዝኩት። ማስታወሻው ትንሽ የሆነ ስልክ ግን ሌላ ነገር ሲከፈት ቦታ ያጥረዋል። ያኔ አንድሮይድ ከጀርባ የቀረውን አፕ ይገድለዋል። በሥርዓት «ደህና እደር፣ ዕቃህን ሰብስብ» አይለውም፤ ገመዱን ነቅሎ ይጥለዋል። ሲዘጋ ላስቀምጥ ብሎ የጠበቀ አፕ ምንም ሳያስቀምጥ ይሞታል። መፍትሔው እንደ ክብሪቱ መሆን ነው። በእያንዳንዱ ንክኪ፣ እዚያው በዚያው፣ ስልኩ ውስጥ ባለች ትንሽ መዝገብ ላይ መጻፍ። መዝገቧ ኤስኪውላይት ትባላለች፤ ስልካችሁ ውስጥ ያሉ ብዙ አፖች በእሷ ነው የሚሠሩት። ኢንተርኔት አትፈልግም። አካውንት፣ ስልክ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል አትጠይቅም።

በስህተት ሁለቴ የመንካትም ነገር አለ። ይሄን የፈታልኝ ኮድ አይደለም፤ ሥራውን ማየት ነው። 120 ካሬ በሁለት ሰከንድ የሚጨርስ ሰው የለም። ስለዚህ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የመጣ ሁለተኛ ንክኪ አይቆጠርም። ስልኩ አንዴ ብቻ ንዝር ይላል፤ ያ ንዝረት «ይዣለሁ» ማለት ነው።

ፎቶን ዳንቴል ማድረግ

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። «የልጄን ፎቶ ዳንቴል ላድርገው?» ይቻላል። ፎቶው መጀመሪያ ይጨመቃል፤ ወርዱ 60 ካሬ ይሁን ካላችሁ 60 ነጥብ ብቻ እስኪቀረው። ከዚያ አፑ እያንዳንዱ ነጥብ ጨለማ ነው ወይስ ብርሃን ብሎ ይጠይቃል። ከተወሰነ መስመር በታች የጨለመው ሙሉ ይሆናል፣ የቀረው ባዶ። መስመሩን በጣት ወዲህና ወዲያ መጎተት ይቻላል። ትንሽ ወደ ቀኝ ስትሉት አፍንጫ ይጠፋል። ወደ ግራ ስትሉት ጺም ይበቅላል። ፊት ላይ እንዲህ ነው፤ መስቀል፣ ወፍ፣ ጀበና ላይ ግን ያምራል።

እዚህ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ካሬ የምንለው ነገር ካሬ አይደለም። የአንዷ እጅ ይጠብቃል፣ የሌላዋ ይላላል፤ ክሩም ኪሮሹም ይለያያል። አክስቴን 20 ካሬ በ20 ረድፍ ትንሽ ናሙና አሠራኋት። ስንለካው ወርዱ 16 ሳንቲም ሆነ፤ ቁመቱ 14 ብቻ። አንዱ ካሬ 8 ሚሊሜትር ወርድ፣ 7 ሚሊሜትር ቁመት አለው ማለት ነው። እስክሪን ላይ 40 በ40 የሆነ ክብ በእሷ እጅ ሲሠራ 32 በ28 ይሆናል፤ የተቀመጡበት ብርቱካን። ስለዚህ አፑ ፎቶውን ከመጨመቁ በፊት የናሙናውን ልክ ይጠይቃል። ለእሷ 40 ካሬ ወርድ ላለው ክብ 46 ረድፍ ይሰጣታል። ያው ፎቶ ለሌላ ሴት ሌላ ሞዴል ይሆናል። የጠረጴዛ ልብስ ጀምሮ ለጠረጴዛው የጠበበበት ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ የእሷ ጣዎስ 96 በ63 ሳንቲም እንደሚመጣ አፑ ከመነሻው ይነግራታል።

ጥልፍ የምትሠራ ጎረቤት ደግሞ ቀለም ይኑረው አለች። ያ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1746 ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ሙሉዝ ከተማ የተመሠረተው ዲኤምሲ የሚባል የክር ኩባንያ ብቻ 500 የጥልፍ ክር ቀለም አለው፤ አብዛኛውም በቁጥር ይጠራል። 310 ጥቁር ነው። አፑ ከፎቶው አንድ ቀለም ወስዶ ከ500ው ማን ይቀርበዋል ብሎ ይፈልጋል። ቅርበቱን በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን ብቻ ከለካው ይሳሳታል፤ የሰው ዓይን እንደዚያ አይለካምና። ለዚህ ብለው የቀለም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓይን የቀረበ ሌላ መለኪያ ተስማምተዋል። እሱን ተጠቀምኩ። ያም ሆኖ ስክሪኑ ላይ ያለው ቀይ መርካቶ ያለው ቀይ አይደለም። ስለዚህ አፑ ቀለሙን ሲያሳይ ቁጥሩን አብሮ ይጽፋል። ሱቅ ሄዶ የሚያገለግለው ቁጥሩ ነው።

የስፌት ስም ሌላ ራስ ምታት ነበር። አክስቴ «ቋሚ» የምትለውን ሌላዋ በሌላ ስም ትጠራዋለች። ፈረንጆቹም አልተስማሙም፤ አሜሪካኖች «ነጠላ» የሚሉትን ስፌት እንግሊዞች «ድርብ» ይሉታል። ጃፓኖች ብልህ ናቸው፤ ምልክት አውጥተው የአገር ደረጃ አድርገውታል። እኔም ምልክት አስቀመጥኩና ስሙን ሴቶቹ ራሳቸው እንዲጽፉት ተውኩት። ፊደሉን ግን አተለቅኩት። «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው የአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ስድሳ ዓመት ያለፈው ዓይን ጭረት ፍለጋ መድከም የለበትም።

ወደ ሰው ሲወጣ

አፑ አልቆ ስልክ ላይ መጫንና ፕሌይ ስቶር ላይ መውጣት ይለያያል። ጉግል ለአካውንት አንዴ 25 ዶላር ያስከፍላል። አፕል በዓመት 99። ለእኛ ከብሩ ይልቅ ችግሩ የዶላር ካርድ ያለው ዘመድ መፈለጉ ነው።

ጉግል በግለሰብ ስም ለሚመጣ አዲስ ሠሪ ሌላም ነገር ይጠይቃል። አፑን ቢያንስ 12 ሰው ለ14 ተከታታይ ቀን መሞከር አለበት። ቀድሞ 20 ሰው ነበር፤ ቀንሰውታል። አሥራ ሁለት ዳንቴል ሠሪ ማግኘት ለእኔ ሁለት ቡና ነው አልኩ። አሥራ ሁለት ጂሜል ማግኘት ግን ጉድ ሆነ። የአብዛኞቹን ጂሜል የከፈተላቸው ስልኩን የሸጠላቸው ልጅ ነው። ምስጢር ቁጥሩን አያውቁትም፤ ልጁም አያስታውሰውም። ሁለት ቅዳሜ ለአሥራ ሁለት እናቶች ጂሜል ስከፍት ዋልኩ። «የመጀመሪያ የቤት እንስሳህ ስም» ዓይነት ጥያቄ ቢመጣ ኖሮ አልቆልኝ ነበር።

ሞዴሎችን አፑ ውስጥ መጫን ላይ ተጠንቀቁ። ከድሮ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ጽጌረዳ አንድ ነገር ነው። አንድ ሰው ነድፎ የሚሸጠውን ሞዴል ፎቶ አንስቶ መበተን ግን ሌላ ነው፤ እኛም ጋ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። እኔ ባዶ የካሬ ደብተርና አራት ራሴ የነደፍኳቸው ሞዴሎች ብቻ አስገባሁ። አራቱም አያምሩም።

ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ማሳመር የሚባል ፈተና አለ። ራቬልሪ የሚባል የሹራብና የዳንቴል ሠሪዎች ድረ ገጽ አለ፤ ጄሲካና ካሲዲ ፎርብስ የሚባሉ ጥንዶች አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የከፈቱት፣ ሚሊዮኖች የተመዘገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2020 መልኩን ሲቀይሩት ብዙ ተጠቃሚዎች ራሳችንን አመመን፣ አዞረን ብለው አማረሩ። የእኔ ተጠቃሚ አሥራ ሁለት ናት፤ ግን ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ ቁልፉን ከቦታው አላንቀሳቅስም። አክስቴ ጣቷ ያለበትን ስለምታውቅ ነው የማታየው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ጥያቄ መጣ። «ክሩ ይበቃኛል ወይ?» ሱቁ ያንኑ ቀለም መልሶ ላያመጣ ስለሚችል ይሄ የምር ጭንቀት ነው። ደስ ያለኝ ግን ግማሹን መልስ አፑ እንደያዘው ሳውቅ ነው። ሞዴሉ በካሬ የተጻፈ ስለሆነ ስንት ሙሉና ስንት ባዶ እንደቀራት ያውቃል። የማያውቀው አንድ ሙሉ ካሬ ስንት ክር፣ አንድ ባዶ ስንት ክር እንደሚበላ ነው። ሁለት የማይታወቅ ቁጥር ካለ የተበላውን ክር ሁለት ጊዜ ማወቅ ይበቃል። ኳሱን ትመዝናለች፣ ባዶ የበዛበት ጥቂት ረድፍ ትሠራለች፣ ትመዝናለች፣ ሙሉ የበዛበት ትሠራለች፣ እንደገና ትመዝናለች። የትምህርት ቤት ሒሳብ ነው። ግራም የሚለይ ሚዛን ገዝቼ ወሰድኩላት።

ሁለቱንም ዙር ሠርታ ለመጨረሻ ጊዜ ኳሱን አስቀመጠችበት። 38 ይላል። አፑ ላይ ጻፍኩና የተሰላውን አሳየኋት፤ ከጅራቱ ጫፍ አራት ረድፍ ሲቀር ክሩ ያልቃል ይላል። ስክሪኑን ትንሽ አየችው፣ ኳሱን በእጇ መዘነችው። «ይሄንንማ አውቅ ነበር» አለችና ከሶፋው ሥር ሌላ ኳስ አወጣች።